በር ላይ የተጋደመች ሜትር

«ሰው አለው፣ ልጄ ይመጣል» ይላሉ ሐጂ ጠይብ፣ የመስገጃቸውን ግማሽ በእጃቸው ሸፍነው። ከአንዋር መስጊድ ሞልቶ የፈሰሰው ሰጋጅ መንገዱን አልፎ የእሳቸው ሱቅ ደጃፍ ደርሷል። ጀማለዲን ግን የለም። በየጁምዓው ከአባቱ በስተግራ የሚቆመው ልጅ ዛሬ የኢማሙ ስብከት፣ ኹጥባው፣ ካለቀም በኋላ አልመጣም።

ኢማሙ ሰልፉን አስተካክሉ፣ ክፍተት አትተዉ ሲሉ አንድ የማያውቁት ጎረምሳ መጥቶ የጀማለዲን ቦታ ላይ ይቆማል። ሐጂ እጃቸውን ይሰበስባሉ። ሰልፍ አጉድሎ ልጅ መጠበቅ የለም።

ሱቃቸው ከጀርባቸው ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሩ ላይ ጨርቅ የሚለኩባት የእንጨት ሜትር ተጋድማለች። ሜትሯ ከተጋደመች ባለቤቱ ሰላት ላይ ነው፤ ማንም አይገባም። ከስልጤ መጥተው፣ ጨርቅ በትከሻቸው እያዞሩ ሸጠው ሱቋን ከከፈቱ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ደርግ የኪራይ ቤታቸውን ሲወርስ ሱቋ ተርፋለች። ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት የገባ ሰሞን፣ ያ ሁሉ ተኩስ ሲንጣጣ እንኳ፣ ሜትሯን የተሻገረ አልነበረም። ማዶ ደግሞ ድስትና ማንቆርቆሪያ የምትሸጠው ሸዋርካብሽ አለች። ጁምዓ ጁምዓ እሷ የእሳቸውን ሱቅ ታያለች፤ ለጥምቀት ታቦት ልትሸኝ ስትሄድ እሳቸው የእሷን ያያሉ።

«አላሁ አክበር።»

በመጀመሪያው ረከዓ ከኋላቸው ኮቴ ይሰማሉ፤ ሸክም የከበደው ሰው ትንፋሽም አለበት። በሁለተኛው፣ ግንባራቸውን መሬት እንዳስነኩ፣ ባንኮኒው ሲጢጥ ይላል። አንድ እግሩ ስለሚያጥር ሲጎተት የሚያወጣውን ድምፅ ሐጂ ተኝተውም ይለዩታል።

ሌባ ነው ብለው ያስባሉ። ለንብረት ሲባል ሰላት ማቋረጥ ይፈቀዳል ይላሉ ሼሆቹ። ሐጂ ጠይብ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰላት ላይ ዞር ብለው አያውቁም፤ መርካቶ በሙሉ ይህን ያውቃል። ደግሞስ ሸዋርካብሽ ለምን አትጮህም? አንድ የድስት ክዳን ቢነካባት ሰፈሩን የምታናውጥ ሴት ናት። ዝም ካለች፣ የገባው የማይጮህበት ሰው ነው።

ያኔ ይገባቸዋል። ግንባራቸው መስገጃው ላይ እንዳለ ይገባቸዋል።

ጀማለዲን ሰሞኑን ሲጨቀጭቃቸው ነበር የከረመው። የጨርቅ ንግድ ሞቷል፣ ሞባይል የሚሸጥ ደህና ተከራይ አግኝቻለሁ፣ እርስዎ ቤት ቁጭ ብለው ቁርዓንዎን ይቅሩ ይላቸዋል። ምን ያድርጉት? ከሐጅ ሲመለሱ ዱንያ በቃኝ ብለው ሱቋን በስሙ ያዞሩለት ራሳቸው ናቸው። ገዝቶ ያመጣላቸውን ምርኩዝ ጥግ ወርውረው፣ ከዚህች ሱቅ የምወጣው ጀናዛዬ ሲወጣ ነው ብለውታል። ልጁ ታዲያ ጀናዛውን ምን አስጠበቀው፤ ጁምዓን ጠበቀ።

ሱጁድ ላይ፣ ግንባር መሬት ነክቶ የተለመነ ልመና ለአላህ ቅርብ ነው። ሐጂ በየሳምንቱ እዚህ ላይ ሲደርሱ የሚለምኑት ለጀማለዲን ነበር። ዛሬ ምላሳቸው ጫፍ ላይ የመጣው እርግማን ነው። መልሰው ይውጡታል። አዝነውለት አይደለም፣ እንዳይደርስበት ፈርተው ነው። ሲውጡት ከሐሞት ይመራል።

ወደ ቀኝ ሰላም ይላሉ። ወደ ግራም ይላሉ፣ ለማያውቁት ጎረምሳ።

ሰዉ መስገጃውን እያራገፈ ሲበተን እሳቸው ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። አሁን ዞር ማለት ይቻላል፤ አንገታቸው ግን እምቢ ብሏል። መንገዱ ጭር እስኪል ቆይተው ጉልበታቸውን ይዘው ይነሳሉ።

ሱቋ ባዶ ናት። የጨርቅ ጣቃዎቹ የሉም፣ መደርደሪያውም ተነቅሏል፤ ባንኮኒው ከቆመበት ላይ አቧራ ብቻ ቀርቷል። ሜትሯ ግን በሩ ላይ እንደተጋደመች ነው።

ሸዋርካብሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መንገዱን ተሻግራ ትመጣለች። ጀማለዲን ከተሸካሚዎች ጋር ሲመጣ ሰላም ብሏት፣ አባቴ ያውቃል ብሏት ነው የገባው። ዕቃውን መንገዱ ጫፍ በቆመ አይሱዙ ጭኖ ሄዷል።

«ሐጂ፣ የገዛ ልጅዎን ሌባ ብዬ ልጩህበት?» ትላቸዋለች።

ሱቅ የሚጠበቀው ከሌባ ነው፤ ከልጅ የሚጠብቅ ዘበኛ ገና አልተፈጠረም።

«እንኳንም አልጮህሽ» ይሏታል። «ሰው እየሰገደ ነበር።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ በሩ እያመለከቱ፣ «ይቺን ማን መለሳት?» ይላሉ።

«እሱ ራሱ። ‹አባቴ ሲመጣ በቦታዋ ያግኛት› አለኝ።»

ሐጂ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ምንም ቢሆን ያሳደጉት ልጅ ነው፤ ሥርዓቱን አልረሳም።

በርጩማ ላምጣልዎ ስትላቸው አያስፈልግም ይሏታል። ጎንበስ ብለው ሜትሯን ያነሳሉ። እንደ ልማዳቸው ባንኮኒው ላይ ሊያኖሯት እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። ከዚያ የሜትሯን ጫፍ መሬት ላይ ይተክላሉ። ቁመቷ ልክ ነው።

ሜትሯን ተመርኩዘው፣ ቀስ እያሉ፣ ወደ ቤታቸው መንገድ ይጀምራሉ። ሸዋርካብሽ እስኪታጠፉ ድረስ ቆማ ታያቸዋለች። አንዴም ዞር አላሉም።