ሳተላይቱ ያላየው ዝናብ

ክረምቱ ሊገባደድ ነው። ከሰማይ ሆኖ ዝናብ የሚለካው የሳተላይት ራዳር እንደሚለው ከሆነ፣ ሸለቆው ላይ ጠብ ያለ ነገር የለም። ከዚያው ሸለቆ በየማለዳው በስልክ የሚመጣው ልኬት ግን «ትናንትም ጥሏል» ይላል። የሚደውሉት የዝናብ መለኪያው ጠባቂ ናቸው፤ የራዳሩን ምስል የምታነበው ባለሙያ ደግሞ ልጃቸው ናት።

«ሽማግሌው ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነው ነው የሚያዘንቡልን» አለ ኃላፊው። ቢሮው ሳቀ። እሷም ለይሉኝታ ያህል አብራ ሳቀች። አባቷ ከዚያ መለኪያ ሌላ ሥራ አያውቁም። ውሸታም ተብለው ከተባረሩ ከዚያ በኋላ ሰው አይሆኑም።

«ሄደሽ አጣሪ» አላት ኃላፊው። «የውሃ ቦቴዎቹ የሚላኩት ካርታችን ደረቅ ወዳለው ቦታ ነው። አባትሽ ዋሽተው ከሆነ ይሰናበታሉ፤ ራዳሩ ተሳስቶ ከሆነ እናርመዋለን።»

መንገዱ አቧራ ብቻ ነበር። ስትደርስ እናቷ በጣሳ የፊት መታጠቢያ ውሃ አቀረበችላት፤ ታጥባ ስትጨርስ የተረፈውን ተቀብላት ከደነችው።

«ዝናቡ መቼ ነው የሚጥለው፣ አባዬ?»

«ሌሊት ነው» አሉ አባቷ። «ፀሐይ ስትወጣ መሬቱ ይመጠዋል።»

«አንቺስ ሰምተሽው ታውቂያለሽ፣ እማዬ?»

«እኔ ከተኛሁ የት አውቄ» አለች እናቷ። ከዚያ ወደ ጓዳ ጠራቻት። «አባትሽን አታስጨንቂያቸው። መለኪያው ባዶ የሆነ ቀን እህል አይቀምሱም ነበር። አሁን ነው ትንሽ ደህና የሆኑት።»

ጠዋት ስትነቃ እናቷ እሳት አያይዛ ነበር። አባቷ ኮታቸውን ደርበው ይጠብቋታል። ተያይዘው ወጡ። አባቷ መለኪያው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ብርጭቆው ገለበጡና ጎንበስ ብለው መስመሩን አነበቡ።

«ይኸውልሽ» አሉ። «ሰማይ ላይ የሰቀላችሁት ማሽን ይዋሽ እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን አልዋሽም።»

አባቷን በመጠርጠሯ አፈረች። እንባዋ እየታገላት ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ቢሮ ተመልሳ ጥፋቱን በሙሉ ራዳሩ ላይ ደፈደፈችው። ተራራማ አገር ላይ ከዝቅተኛ ደመና የሚጥል ዝናብ፣ ከመሬቱ ከሚመለሰው ምልክት ጋር ይምታታበታል። ይህንን የሙያው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ኃላፊው ብዙም አልተከራከረም። ካርታው ታረመ፣ ሸለቆው አረንጓዴ ተቀባ፣ ቦቴዎቹም ወደ ሌላ አቅጣጫ ታዘዙ። ኃላፊው ራሱ ደውሎ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቀ። እሷም በዚያ ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰዳት።

ብዙም ሳይቆይ እናቷ ደወለች።

«ልጄ፣ ቦቴው በአጠገባችን አልፎ ሄደ። እባክሽ ላኩልን በያቸው፤ ጎህ ሳይቀድ እየተነሳሁ የአባትሽ መለኪያ ውስጥ የምጨምረው እንኳ አልቆብኛል።»