ጥንቸሉና አፍ የሌላት የእሳት እራት

አዲሱ ሰፈር የሚጠራበትና የሚምልበት እንስሳ መምረጥ ነበረበት። ከጠዋት ጀምሮ ሞፓኔ በሚባለው ዛፍ ጥላ የተቀመጠው ሸንጎ እኩል ለእኩል ተከፍሏል፤ ግማሹ የዓለት ጥንቸል የሚባለውን ሽኮኮ ሲል፣ ግማሹ የሞፓኔ የእሳት እራት ይላል። አንዴ የተመረጠ እንስሳ ደግሞ እስከ ልጅ ልጅ አይቀየርም።

አለቃ ኦቱኪሌ መላ ዘየዱ። ከባሕር ማዶ ከመጡ ገና ወር ላልሞላቸው ለሰባኪው ለሄንሪክ ፍርዱን ሰጡ።

«እሳቸው ወገን የላቸውም፤ ያሉት ይጸናል» አሉ።

ሰባኪው የሚመኙት ግን ሌላ ነው፤ ራ ሞትላዲሌንና ማ ሴትሼጎን ማስታረቅ። ራ ሞትላዲሌ በሦስት ውሾቹ ጥንቸል ያድናል። ጎረቤቱ ማ ሴትሼጎ የእሳት እራቷን አባጨጓሬ ከዛፍ እየለቀመች ለምግብ ታደርቃለች። ውሾቹ ስጧን ከረገጡባት ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ የላቸውም።

መጀመሪያ የተነሳችው ማ ሴትሼጎ ናት።

«እኔ ጥንቸሉን ነው የምለው» አለች።

ሰባኪው ጆሯቸውን ተጠራጠሩ።

«ንጹሕ ነው፤ መጸዳጃው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። የአንዳንድ ሰው ውሻ ግን የሰው ስጥ ላይ ነው!»

ሸንጎው ሳቀ።

ራ ሞትላዲሌ ባርኔጣውን አወለቀ። «ኧረ እራቷ ትበልጣለች፣ እመቤቴ! ክንፏ ላይ ዓይን አላት። አፍ ደግሞ የላትም፤ ሁለት ሦስት ቀን ኖራ፣ ሳትበላና ማንንም ሳታማ ትሞታለች። እንዲህ ያለች ጎረቤት በሰጠኝ!»

«ጥንቸሉ አደጋ ሲያይ ጮሆ ጎረቤቱን ያስጠነቅቃል።»

«እራቷ ዛፍ ሙሉ ልጅ ትተዋለች!»

«ጥንቸሉ ይሁን ብያለሁ!»

«በፍጹም፤ ክብሩ የእራቷ ነው!»

የሰባኪው ዓይን እንባ አቀረረ። አምስት ዓመት የተኳረፉ ሰዎች አንዱ የሌላውን ለማስከበር ሲሟገት በሕይወታቸው አይተው አያውቁም። ደስታው አላስቀምጥ አላቸውና ብድግ አሉ።

«እንዲህ ያለ ፍቅር መካከል ገብቼ አንዱን አልጥልም። ሁለቱም ይሁኑ!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ማ ሴትሼጎና ራ ሞትላዲሌ ከአምስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሰባኪው እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ አሉ።

አለቃው ቃላቸውን አንዴ ሰጥተዋልና ቀስ ብለው ወደ ሚስታቸው ዞሩ፦ «ሂጂ፣ የጥንቸሉንም የአባጨጓሬውንም ድስት ከእሳት አውርጂ፤ የሚጠራበትን እንስሳ የሚበላ ሰው የለም።»