ሻምበል በጋሪ

አዲሱ ተቆጣጣሪ ወደ እንጨት ሥራ ድርጅቱ ሲመጣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት እንደ ሥራ መመሪያ ይዞ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ ለሥራው ብቁ ያልሆነ ሰው ከእሱ ጋር እንደማይቆይ ተናገረ። በሁለተኛው ሳምንት የናስ እጀታዎች መጉደላቸውን ደረሰበት። የቁም ሣጥን እጀታ ትንሽ ነገር ነው። ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ምንጣፍ ሥር ይደበቃል።

ዐይኑ በሩ ላይ አረፈ። በሩን የሚጠብቁት ሁለት ናቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» የሚለው ሽማግሌ ዘበኛና ሻምበል የሚባለው ውሻው። ሻምበል አሥራ አራት ዓመት ሞልቶታል። የኋላ እግሮቹ ከከዱት ወራት አልፈዋል። አናጺዎቹ ከአሮጌ የቢሮ ወንበር ጎማ ነቅለው ዝቅ ያለች ጋሪ ሠርተውለታል። ሻምበል ሹመቱ አድጎ መኪና ተመደበለት እያሉም ይቀልዳሉ።

ዘበኛው ጠዋት ጠዋት ውሻውን በጋሪዋ እየገፋ ከቤቱ ያመጣዋል። በሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፎ ወገቡን ወደ ላይ ይይዝለትና ወደ አጥሩ ጥግ ይወስደዋል፤ ሽንቱን እስኪጨርስ አይቸኩልም። ከዚያ ዳሌውን ሙቅ ውሃ በነካው ጨርቅ ያሽለታል፣ ጎኑ እንዳይቆስል ያገላብጠዋል፣ የረጠበ ምንጣፉን ይቀይርለታል። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ አንድ እጁን የውሻው ጀርባ ላይ ጥሎ አጠገቡ ይቀመጣል። መኪና ሲመጣ ሁለቱም አብረው ቀና ይላሉ፤ ሽማግሌው በሩን ይከፍታል።

ለተቆጣጣሪው ይህ ሁሉ ፍቅር አልተዋጠለትም። ቆሞ መሄድ የማይችል ውሻ ለጥበቃ ምን ይፈይዳል? የቆሸሸው ምንጣፍስ ተጠቅልሎ ወደ ቤት ሲሄድ ማን ፈትቶ አይቶት ያውቃል?

የሰውየው ጠባይም ጥርጣሬውን አባሰው። አንድ ጠዋት ከኋላው ደርሶ «እንደምን አደሩ» ቢለው መልስ አልሰጠውም። ተቆጣጣሪው ንቀት ነው አለ። ፊት ለፊት ሲያናግሩት ደግሞ ትክ ብሎ ያያል፤ አንዲት ቃል እንድታመልጠው አይፈልግም። ይህንንም ተንኮል ነው አለው።

ቢሮ አስጠርቶ መረመረው። ስለ እጀታዎቹ ሲጠይቀው አላየሁም አለ። ቀጥሎ ተቆጣጣሪው ማስታወሻው ላይ አቀርቅሮ እየጻፈ፣ እዚህ ቤት ስንት ዓመት እንደሠራ ጠየቀው። ዘበኛው ሻምበል ዛሬ ቁርሱን ደህና አድርጎ እንደበላ ነገረው። ተቆጣጣሪው «ጥያቄ ይሸሻል» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩም አሰመረበት።

የዚያን ዕለት በመውጫ ሰዓት ጋሪዋን ፈተሸ። ሽማግሌው ውሻውን እንደ ሕፃን አቅፎ ቆሞ አየው። ምንጣፉ ተፈታ፣ ፎጣው ተራገፈ፣ ጋሪዋ ተገለበጠች። ከውሻ ፀጉር በቀር ምንም አልተገኘም። ተቆጣጣሪው ግን ሌባው አስቀድሞ ነቅቷል ብሎ አሰበ እንጂ ሌባ የለም አላለም።

በማግስቱ በሩ ላይ ከዘበኛው ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ከነገ ጀምሮ ውሻው እዚህ አይምጣ። ለልጅዎ ይተዉት፤ ቤት ትውል የለም እንዴ?»

«ትውላለች። እሷስ ከእኔ የተሻለ ትይዘዋለች።»

«ታዲያ ምን ቸገረዎት?»

ሽማግሌው ሻምበልን ቁልቁል አየው። «እሱ አይደለም የቸገረኝ፣ አለቃ። እኔ ነኝ ያለ እሱ መሥራት የማልችለው።»

ተቆጣጣሪው ይህንን እንደ ኑዛዜ ቆጠረው። ወይ ውሻው ይቅር፣ ወይ እርስዎ ይቅሩ ብሎ ቁርጡን ነገረው። በዚህ ዕድሜው ሌላ የሚቀጥረው እንደሌለ ሽማግሌው ያውቃል። ልጁም የምታድረው በእሱ ደመወዝ ነው። ማታ ጋሪዋን እየገፋ ሲሄድ አናጺዎቹ በዐይናቸው ሸኙት።

ከዚያ በኋላ ብቻውን መምጣት ጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ አንዴም አልተቀመጠም። ምሳውን እንኳ ቆሞ፣ ዐይኑን ከበሩ ሳይነቅል በላ። መኪና መጥቶ ቆሞ እንዳይጠብቅ በየደቂቃው በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። ተቆጣጣሪው ከመስኮቱ እያየ፣ የሰረቀ ሰው መቁነጥነጡ አይቀርም አለ። ሳምንቱ የወንበር ሥራ ብቻ ስለነበረ ቁም ሣጥን አልወጣም፤ እጀታም አልጎደለም። ተቆጣጣሪው ውሻው ቀረ፣ ስርቆቱም ቀረ ብሎ ደመደመ።

በአራተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ስልክ ደወለች። በገዛችው ቁም ሣጥን መሳቢያ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠሩ ትርፍ እጀታዎች አግኝታ፣ በስህተት መጥተው እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ተቆጣጣሪው ዕቃ አሻጊውን ጠራው። አሻጊው ምንም አልደነገጠም። ድሮም እንዲህ ነበር የምናደርገው አለ፤ አንዱ ቢነቀል ደንበኛው መለወጫ እንዳያጣ የቀድሞው አለቃ ያስለመዳቸው ነው። አዲሱ አለቃም ያውቃል ብሎ ነው እንጂ ይነግረው ነበር።

ተቆጣጣሪው አፈረ። ጠርጣራ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም፤ የበደለውን መካስም ያውቃል። ይቅርታ ሊጠይቅ፣ ሻምበልም ነገውኑ ይመለስ ሊል ከቢሮው እየተጣደፈ ወጣ። ዘበኛው በሩ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶ የእንጨት ብናኝ ይጠርጋል። ተቆጣጣሪው ደስታውን መያዝ አቅቶት ገና አሥር እርምጃ ሲቀረው «አባባ፣ ነገ ሻምበልን ይዘውት ይምጡ» አለ።

ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው፤ በሦስተኛው ጮኸ፤ ከግቢው ማዶ ያሉት አናጺዎች መጋዛቸውን አቁመው አንድ በአንድ ዞሩ፤ ዘበኛው ብቻ መጥረጉን ቀጠለ።