ምሳሌ የሌለው ገጽ

«ቀስ በል ጋሼ፤ አንድ አንድ ቃል ይበቃኛል» አለችው፤ ጣቶቿ ግን ኪቦርዱ ላይ ቸኩለዋል።

ወንድሟ የኦክስጅን ማስኩን በአንድ እጁ ከአፉ ገለጥ አደረገ። ሁለት ቃል ተናገረና መልሶ አጠለቀው፤ ዓይኑን ጨፍኖ አየር ለቀመ። ደረቱ ከብርድ ልብሱ በታች እንደ ተቀደደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። እሷ ሁለቱን ቃላት ጻፈች።

ሚስቱ መድኃኒት ልትገዛ ከመውጣቷ በፊት በሩ ላይ ቆማ ነግራታለች። ልጃቸው ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከአያቷ ቤት ትደውላለች፤ የአባቷን ድምፅ ከሰማች ሰንብታለች። ሐኪሙም የቀረው ድምፅ ብዙ እንዳልሆነ ሳይደብቅ ተናግሯል። «እስክመለስ ትንሽ አስቀሪላት» ነበር ያለቻት ሚስቱ። እሷም እሺ ብላለች፤ ከልቧ።

የምትጽፈው ገጽ ግን አላለቀም። ወንድምና እህት አብረው ያሳደጉት ላይብረሪ፣ ሌሎች ፕሮግራመሮች በየፕሮግራማቸው ውስጥ የሚያስገቡት ኮድ ነው። ሥራው መጠበቅ ነው። የመጣውን ጉዳይ ተራ በተራ ይቀበላል፣ ለየባለቤቱ ያደርሳል፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሶ ደግሞ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ዙሩ ይሉታል። ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው፣ አሠራሩን ለሌሎች የሚያስረዳውን ሰነድ እሷ። ኮዱን የጻፈ ሰው ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስለዋልና ሰነዱን እንዳይነካ ገና ሲጀምሩ ሕግ አውጥተዋል። እሷ ትጠይቃለች፣ እስኪገባት ትነዘንዘዋለች፣ የገባትን ትጽፋለች። ደህና ሳለ፣ ፖሊስ ጣቢያ ብትቀጠሪ ኖሮ አገር ምድሩ ከሌባ በጸዳ ነበር ይላት ነበር።

አልጋ ከመያዙ በፊት ያስተካከለው የመጨረሻ ነገር የዙሩን አዘጋግ ነው። አንድ የአምቡላንስ ጥሪ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ፕሮግራሙን ዘግቶ በከፈተ ቁጥር፣ ወረፋ ላይ የነበሩት ጥሪዎች ደብዛቸው ይጠፋ ነበር። ጠሪው ይጠብቃል፤ የሚመጣለት የለም። አሁን ኮዱ ተስተካክሏል፤ ለምን እንደዚያ እንደተጻፈ ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ነገ ሌላ ሰው መጥቶ ይህ ነገር ትርፍ ነው ብሎ ቢሰርዘው፣ ጥሪዎቹ ተመልሰው ውኃ ይበላቸዋል።

ዙሩ ሲዘጋ ለምን ሁለቴ ይዞራል ብላ ጠየቀችው።

በየቃሉ መሃል ማስኩን እያነሳና እየመለሰ አስረዳት። መጀመሪያ በሩን ይዘጋል፣ አዲስ መጪ እንዳይገባ። ከዚያ ውስጥ ያሉትን አንድ በአንድ እየጠራ ጉዳያችሁ አይፈጸምም ይላቸዋል። ይህን ሲሰሙ ሌላ ጉዳይ ጥለው የሚሄዱ አሉ፤ ለእነሱ ሲል እንደገና ይዞራል። ይህችን ተናግሮ እስኪጨርስ ከራስጌው የነበረችው ፀሐይ ወደ ግርጌው ወረደች።

ገባት። ጽፋ አነበበችለት፤ በአገጩ አዎን አላት። እዚያ ላይ ማቆም ነበረባት።

ከገጹ ሥር ግን «ምሳሌ» የሚለው ርእስ ብቻውን ቆሟል። በሰነዳቸው ውስጥ ምሳሌ የሌለው ገጽ ወጥቶ አያውቅም፤ ምሳሌዎቹም ሁሉ የእሱ ናቸው። ለዚህኛው እሷ የሆነ ነገር ልትፈጥር ትችላለች፤ ያው ለዛ ቢስ መሆኑ አይቀርም እንጂ። በሩን አየች። ኮሪደሩ ጭር ብሏል።

«ምሳሌ ብቻ ጋሼ» አለችው። «አንዲት ምሳሌ።»

ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላይ የድሮው ተንኮል ብልጭ አለ። ማስኩን አውልቆ ግንባሩ ላይ ሰቀለው፤ እጇ ሊከለክለው ከኪቦርዱ ተነስቶ ተመለሰ።

«ዳቦ ሻጭ» አለ። አየር ሳበ። «ዳቦው ሲያልቅበት... በጓሮ አይሾልክም።» ከንፈሩ መጥቆር ጀመረ። «ወደ ሰልፉ ይወጣል። አልቋል ይላል። ቢሰድቡትም... እስከ መጨረሻው ሰው።»

ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ጎኑን ይዞ ታጠፈ። ማስኩን መልሳ አጠለቀችለት፣ ጀርባውን ደገፈችው፣ ነርሷን ተጣራች። ነርሷ መጥታ አየሩን ከፍ አደረገች፤ ከዚህ በኋላ ማንም እንዳያናግረው አዝዛ ወጣች። እህቱም ተቀምጣ ምሳሌውን አንድ ቃል ሳትለውጥ ጻፈችው። ጥሩ ምሳሌ ነበር።

ሚስቱ የመድኃኒቱን ከረጢት በብብቷ ሸጉጣ፣ ስልኩን ከፊቷ ዘርግታ ገባች። ልጅቷ መስመር ላይ ናት፤ ስለተነቀለ ጥርሷ ሳታቋርጥ ታወራለች። እናቷ «ያውልሽ አባባ» ብላት ስልኩን ወደ ማስኩ አስጠጋች።

«አባባ?»

አፉን ከፈተ። ማስኩ ከውስጥ ጉም ለበሰ። ምንም አልወጣም። ደግሞ ሞከረ፤ የአንገቱ ሥር ተገታተረ፣ ከጉሮሮው ግን አየር ብቻ ሾለከ።

ሚስቱ ቀና ብላ እህትየውን አየቻት፤ ቀጥላም ጭኗ ላይ የተከፈተውን ኮምፒውተር፣ በጽሑፍ የሞላውን ገጽ። አልተቆጣችም።

«ምን አለሽ?»

«ስለ ዳቦ» አለች እህትየው።

«አባባ፣ አለህ?» አለች ልጅቷ።

«አለ የኔ ቆንጆ። ዝም ብለሽ አዳምጪው።» ሚስቱ የማስኩን ጠርዝ ትንሽ ገለጥ አድርጋ ስልኩን ከከንፈሩ ሥር አስጠጋችው። ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲሳብ ተሰማ። ልጅቷ የጥርሷን ወሬ ትታ ትንፋሹን ማዳመጥ ጀመረች።