ማንም ያልነካት ወፍ

ኦቲሊያ የሚረጨውን የቀለም ጣሳ ስትነቀንቀው ውስጡ ያለችው የብረት ኳስ ተንኳኳች። በካርካቬሎሽ ከተማ የባቡር ሐዲድ ዳር ባለው ግንብ ላይ ቫልዴማር የሣለው ዓሣ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ያምር ነበር፤ አንጀቷን ያሳረራትም ይኸው ነው። እዚህ ግንብ ላይ ሁለቱም መሣል የጀመሩት በአንድ በጋ ሆኖ ሳለ “ፈር ቀዳጁ” የሚባለው እሱ ብቻ ነው። ልታጠፋበት መጣች። በግንብ ሠዓሊዎቹ ዘንድ የሌላውን ሥዕል የሚሸፍን ሰው የሚበልጥ መሣል አለበት፤ ካልቻለ መሳቂያ ይሆናል።

“መጣሽ እንዴ፣ አንቺ ቅናተኛ!” አላት ቫልዴማር ከመሰላሉ ሳይወርድ፣ ጣሳውን አይቶ እየሳቀ። “በይ ሸፍኚው! እኔማ ለምጄዋለሁ፤ በየወሩ አንዱ ጎረምሳ እበልጠዋለሁ ብሎ ይደርብብኛል። ዕድለኛዋስ አንቺ ነሽ፤ ያቺን ወፍሽን እስከ ዛሬ ማንም አልነካት።”

ዞር ብላ አየች። የመጀመሪያዋ ወፏ ከግንቡ ጫፍ፣ ቀለሟ ገርጥቶ፣ እንዳለች ነበረች። በዚህ ሁሉ ዓመት ልብለጣት ብሎ የተነሣባት አንድም ሰው የለም። ኦቲሊያ ዓሣውን አልፋ ሄደችና ወፏን ከምንቃሯ ጀምራ በጥቁር ቀለም ሸፈነቻት።

“አብደሻል? የራስሽ እኮ ናት!” ብሎ ጮኸ ቫልዴማር።

“አውቃለሁ” አለች ሳትዞር። “እበልጣታለሁ።”