የዕፀገነት ጉልበት

ዕፀገነትን ጉልበቷን አንድም ቀን አሟት አያውቅም። ያመማት ቦንጋ ነው።

የስፖርት መምህርት ናት፣ ከደሴ ተመድባ የመጣች። ልጇን እናቷ ዘንድ ትታ ስትመጣ ሕፃኗ ገና መዳኽ መጀመሯ ነበር። አሁን አፏን ፈትታ በስልክ ስታናግራት አያቷን «እማዬ»፣ እሷን ግን «ዕፀገነት» ትላታለች። መጀመሪያ የሰማች ዕለት ስልኩን ዘግታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ሐሳቧ ሁሉ ዝውውር ሆነ።

ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ፣ ወይ የሚቀበልሽ ትምህርት ቤት ፈልጊ፣ ወይ የሕክምና ቦርድ ማስረጃ አምጪ አሏት። ሹም ዘመድ የላት፣ ተቀባይ ከየት ታምጣ? ምርኩዝ ገዛችና ማነከስ ጀመረች፤ ለቦርዱም አመለከተች። ተማሪዎቿን ወንበር ላይ ተቀምጣ በፊሽካ ታስሮጣቸው ነበር።

ይህች ጉልበት ግን ለርእሰ መምህሩ ለጋሽ ሀብተሥላሴ አልተዋጠችላቸውም። ሰውዬው የእግር ጉዞ ሱሰኛ ናቸው። ዓርብ ዓርብ መምህራን ክፍል ይመጡና፣ ቅዳሜ ማን የት መሄድ እንዳለበት ሳይጠየቁ ያዛሉ። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ያለችውን ቀጭን መንገድ ያልረገጠ ቦንጋ ኖርኩ አይበል ይላሉ። ወደ ፏፏቴው የሚያወርደው ቁልቁለት ለጭን ነው፣ የአቀበቱ ሩጫ ለሳንባ፣ ቋጥኝ ቧጥጦ መውጣት ደግሞ ለወኔ። አድንቀው አድንቀው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ እሷ ያዞራሉ።

«ለጉልበት ደግሞ ከዳገት የበለጠ መድኃኒት የለም። አይደለም እንዴ ዕፀገነት?»

መምህራኑ ይስቃሉ፣ እሷ አንጀቷ ይቃጠላል። በሌለችበትም የማትሮጥ የስፖርት መምህርት የማያርስ በሬ ማለት ናት፣ ዛሬ ነገ ሳትል ከደጄ ብትሄድልኝ በወደድኩ ማለታቸውን ሰምታለች። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ሆኑ።

ክፋቱ፣ ዕፀገነት የደሴውን ጦሳ ተራራ ስትወጣ ስትወርድ ያደገች ልጅ ናት፤ እግሯ መቀመጥ አይሆንለትም። አንድ እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው ብላ ምርኩዟን ቤት ጣለችና ጫካ ገባች። እርጥቡ ቅጠል ፊቷን እየጠረገ፣ ጉሬዛዎቹ ከላይ እየዘለሉ፣ ዳገቱን በሩጫ ተያያዘችው። ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። መታጠፊያው ላይ ከጋሽ ሀብተሥላሴ ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመች።

ሰውዬው ቆም አሉ። እግሯን ከላይ እስከ ታች አዩና ፈገግ ብለው አለፉ። እኚህ ሰው ፈገግ ሲሉ አይታ አታውቅም፤ ከስድባቸው ይልቅ ይህ አስፈራት።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ፀዳለ ጥግ ይዛት ጉዱን ሹክ አለቻት። ጋሽ ሀብተሥላሴ በር ዘግተው ስልክ ላይ ሲጮኹ ነበር አሉ። ሴትዮዋ ደህና ናት፣ በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ካላመንከኝ መጥተህ አረማመዷን እይ፣ እሺ፣ ማን እንደሆንክ ሳታውቅ ነው የምታያት ብለዋል። ከወረዳም ምትክ የስፖርት መምህር እንዲሰጣቸው ጠይቀዋል።

ዕፀገነት ክው አለች። የሚመጣው የቦርዱ ሐኪም ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል? ዝውውሩ ቀርቶ በአጭበርባሪነት ልትባረር ነው። እንጀራዋን አጥታ፣ ስሟ ጠፍቶ፣ በምን ፊቷ ነው ልጇ ዘንድ የምትገባው? እኚህ ሰው ምን አደረግኳቸው እያለች ቀኑን ሙሉ ስትራገም ዋለች።

ዓርብ ዕለት ጋሽ ሀብተሥላሴ የነገው ጉዞ ማንኪራ መሆኑን፣ እንግዳም እንዳለ ተናገሩ። ከዚያ ጠረጴዛዋ ድረስ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ነገ ምርኩዝ እንዳላይ። ብትቀሪ ግን በራስሽ ፈረድሽ።»

«እመጣለሁ» አለች።

መቅረት ጥፋትን ማመን ነው። መሄዱን ትሄዳለች፤ ሰው አነከሰ ከተባለ ግን የሷን ይዩት። ጠዋት ጉልበቷን በፋሻ ጠፈረች፤ ማነከሱን እንዳትረሳም ጫማዋ ውስጥ ሹል ጠጠር ጨመረች። ምርኩዟንም ይዛ ወጣች።

እንግዳው መነጽር ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው። ጋሽ ሀብተሥላሴ «ወዳጄ ነው» ከማለት በቀር ስሙን እንኳ አልነገሩም። ምርኩዙን ሲያዩ ጥርሳቸውን ነከሱ። ሰውየው ከኋላ ከኋላዋ እየሄደ ዓይኑን ከእግሯ አልነቀለም። አቀበቱ ሲጀምር ጠጋ አለና ዳገት ትወድ እንደሆነ ጠየቃት። ወጥመዱ ወዲያው ገባት። ድሮ እወድ ነበር፣ ዛሬማ ደረጃ መውጣትም አቃተኝ አለችው።

ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ጉልበቷን አጠፈችና ተዘረጋች። ጠጠሩ እግሯን ወግቷት ስለነበር እንባዋ የእውነት ነበር። የጋሽ ሀብተሥላሴ ፊት ጠቆረ።

«ተነሺ አንቺ ሴት! ተነሺና ሩጪ!»

መምህራኑ ተቆጡ፤ በታመመች ሴት እንዲህ ይጨከናል ወይ አሏቸው። እሳቸው ዛፍ ተደግፈው ቀሩ። ዕፀገነት መሬት ላይ እያቃሰተች በሆዷ ሳቀች፤ ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ይሏል ይሄ ነው። እንግዳው አጠገቧ ቁጢጥ አለ። በፋሻው ላይ ጉልበቷን ነካ አደረገና በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። አመነ። በቃ፣ አገሬ ገባሁ አለች በልቧ።

ሰውየው ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና፣ «ጋሽ ሀብተሥላሴ፣ እኔ ከደሴ ድረስ የመጣሁት እኮ ለትምህርት ቤቴ የምትሮጥ መምህርት ልወስድ ነበር» አለ።