ክሬግ እሑድ እሑድ የሚሞላት ማሽን

«ልጄ እኔን ሊጠይቅ አይደለም የሚመጣው... ማሽኗን ሊጠይቅ ነው።»

ኖርማን ይህን ያለው እንግሊዝ አገር፣ ግሪምዝቢ ወደብ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኖ ለጓደኛው ለባሪ ነው።

ሁለቱም ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደቡ ገበያ ውስጥ ዓሣ ሲበልቱ የኖሩ ጡረተኞች ናቸው።

ባሪ ሳቅ አለ። «ያንተስ ለማሽኗም ብሎ ይመጣል። የኔ ለምንም አይመጣም።»

ማሽኗ የምትባለው ፈሳሽ አሙቃ የምታጨስ የኖርማን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ናት... መዳፍ የምትሞላ፣ ኃይሏ በቁልፍ ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቁጥር የሚታይባት ትንሽ መስኮት ያላት።

ከልጅነቱ ጀምሮ ያጨሰውን ሲጋራ ያስተወችው እሷ ናት።

ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ የሚዳብሰው እሷን ነው።

ከቤት ሲወጣ ኪሱ ውስጥ ተነክታ እንዳትግል ቁልፏን ደጋግሞ ተጭኖ ይቆልፋታል። ባትሪዎቹ ሲደክሙ አውጥቶ ቻርጅ ያደርጋል።

ከዚህ ያለፈው ግን አይሆንለትም... በረዶ ላይ ሲሠራ የደነዘዘ ጣት ጥቃቅን ብሎን አይጨብጥም።

ስለዚህ ልጁ ክሬግ እሑድ እሑድ ይመጣል።

ያረጀውን ማሞቂያ ሽቦ አውጥቶ አዲስ ይገጥማል። ሽቦው ውስጥ ያለውን ጥጥ በፈሳሹ ያርሳል።

«ጥጡ ሳይጠጣ እንዳትስበው አባዬ፣ ጉሮሮህን ነው የምታቃጥለው።»

ራሱ ቤት ቀላቅሎ ያመጣውን ፈሳሽ ይሞላል፣ ኃይሉን አርባ ዋት ላይ ያደርጋል... ይነሳል።

«ሻይ ላፍላ?»

«ቸኩያለሁ አባዬ።»

ዓይኑን እንኳ ሳያየው ይወጣል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የተለወጠው ሆስፒታል አብረው ከሄዱ በኋላ ነው።

የኖርማን እግር ደም በደንብ አይደርሰውም። ትንሽ ከተራመደ ባቱን ጨምድዶ ይይዘዋል... ያኔ የሱቅ መስኮት የሚያይ መስሎ ይቆማል።

ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል አለ። ግን...

«ሲጋራ መተውዎ ደግ ነው። የኤሌክትሪኩ ሲጋራ ኒኮቲን ግን ደም ሥር ያጠባል፣ ቁስልም ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። እሱንም ትተው ይምጡ።»

ኖርማን ልጁ ፊት መለሰ። «እግሬን ቁረጡት እንጂ ይቺን አልሰጣችሁም።»



ወራት አለፉ።

ክሬግ ሥራው ባሕር ላይ የነፋስ ተርባይን መጠገን ነው። አንድ ሳምንት ማዕበል ተነሣና እዚያው ቀረ።

የኖርማን ፈሳሽ አለቀ...

ልጁ ወደሚገዛበት ሱቅ ሄደ። ሻጯ አዲስ ናት።

«ኒኮቲኑ ስንት ይሁን?» አለችው።

«መጀመሪያ የጀመርኩበት። ስድስት ሚሊግራም።»

ከትልቁ ጠርሙስ ጣዕሙን፣ ከትንንሾቹ ኒኮቲኑን ቀላቅላ ሞላችለት።

ቤቱ ገብቶ ሳበ።

አንዴ... ሁለቴ... ደግሞ።

ጉሮሮውን እንደ በርበሬ ፈጀው። ቤቱ ዞረበት። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው፣ የዕቃ ማጠቢያውን ተደግፎ አስመለሰ።

በማግስቱ ማሽኗን የሱቁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣት።

«ትናንት መርዝ ነው የሸጣችሁልኝ።»

የሱቁ ባለቤት ጃኒን ፈሳሹን አየችው፣ ሠራተኛዋን ጠየቀች።

«እርስዎ እንዳዘዙት ነው የተቀላቀለው አባባ። እስከ ዛሬ ማነው የሚገዛልዎት?»

«ልጄ። ክሬግ።»



«ክሬግ እኮ ትንንሾቹን ጠርሙሶች መውሰድ ትቷል። ቀስ በቀስ ሲቀንስ ቆየና... ከገና ወዲህ ትልቁን ብቻ ነው የሚገዛው።»

«ትልቁ ውስጥ ምን አለ?»

«ጣዕም ብቻ። ኒኮቲን የለውም።»

ኖርማን ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«ይቺን ካጣሁ አበቃልኝ» እያለ የሚምልባት ማሽን... ለወራት ባዶ ጭስ ነበር የምትሰጠው። ትናንት ያስመለሰውም ገላው ኒኮቲኑን ረስቶት ነው።

ደስ አላለውም። ተናደደ።

ማዕበሉ ጋብ ብሎ ክሬግ ሲመጣ፣ አባቱ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«እንደ ሕፃን አታለልከኝ።»

ክሬግ ገባው። «አዎ።»

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህ በነጋታው ሲጋራ ትገዛ ነበር።»

ኖርማን ይህን ራሱም ያውቃል። እውነቱን ነው።

«እሺ፣ እሑድ እሑድ እንደ ሌባ ሹልክ የምትለውስ ለምንድን ነው? ሻዬ መረረህ?»

ክሬግ መሬት መሬቱን አየ።

«ዓይንህን እያየሁ መዋሸት አልችልም አባዬ። ከተቀመጥኩ ታወራኛለህ። ስለሷ ከጠየቅከኝ ደግሞ እነግርሃለሁ... ከነገርኩህ እግርህን ታጣለህ።»



«ሁለተኛ» አለ ኖርማን በመጨረሻ፣ «በገዛ ገላዬ ላይ ሳትጠይቀኝ እንዳትወስን።»

«እሺ።»

«በል አሁን ለሐኪሙ ደውልልኝ። ኒኮቲኑን ትቷል በለው። የኔ ጣት ስልኩንም አይነካልኝም።»

ቀዶ ጥገናው በበጋ ተደረገ። ቁስሉም ዳነ።

ዛሬ ኖርማን የባሕሩን ዳርቻ ሳያርፍ ይራመዳል። ክሬግ አብሮት ይሄዳል... ብዙ ያወራሉ፣ ብዙም ይጨቃጨቃሉ።

ማሽኗን አልጣላትም፣ ኒኮቲን የሌለውን እየሞላ ይስባታል። ግን አንዳንድ ቀን ቤት ረስቷት ይወጣል፣ መርሳቱንም የሚያውቀው ሲመለስ ነው።

ስለ ውሸቱ ሲጠየቅ «ጠቅሞኛል» ይላል። «ልክ ነበር» ግን ብሎ አያውቅም።

ወዳጆቼ... የሚወደን ሰው ሲሸሸን ሁልጊዜ ንቆን አይደለም። አንዳንዱ ስለኛ የተሸከመው ነገር ከብዶት ነው የሚሸሸው። ቢሆንም በፍቅር የተዋሸ ውሸትም የሆነ ቀን መልስ ይፈለግበታል።

እናንተ በክሬግ ቦታ ብትሆኑ... ለአባታችሁ እውነቱን ነግራችሁ እንቢታውን ትቀበሉ ነበር ወይስ ዝም ብላችሁ ትቀንሱለት ነበር? የአባት ቦታ ላይ ሆናችሁስ... ይቅር ትሉታላችሁ? እስቲ ከታች ጻፉልኝ።